ኢ-ሪደር የገዛ ሰው አማርኛ ማንበብ ይቀንሳል ወይ? (የ20 መልሶች ክር)

በበይነ መረብ መድረክ ላይ የተካሄደውን ይህን ክር (ተከታታይ ውይይት) የከፈተው ጽሑፍ አጭር ቢሆንም ጥያቄው ከባድ ነው። ጠያቂው እንደሚለው ኢ-ሪደር (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ) የገዙ ሐበሾች ከበፊቱ የበለጠ ያነባሉ፤ የአማርኛው ድርሻ ግን እየሳሳ ነው። ማታ ኪንድሉን (የአማዞንን ኢ-ሪደር) ከፍቶ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ሁለት ሰዓት የሚያነብ ሰው፣ የአማርኛ መጽሐፍ ሲሆን በስልኩ ፒዲኤፍ ይከፍትና በአሥር ደቂቃ ይዘጋዋል። ጥፋቱ የአንባቢው ነው፣ የመሣሪያው ነው ወይስ የፋይሉ? የሚያውቅ ያስረዳኝ ብሎ በትሕትና ጠየቀ።

1ኛው መልስ ከጠያቂው ጋር ይስማማል። መሣሪያው መንገድ የጠረገው ለማን ቋንቋ ነው የሚለውን እንይ ይላል። አማዞን ለኪንድል መጽሐፍ በሚቀበልባቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የለም፤ ስለዚህ ደራሲው ቢፈልግ እንኳ በዚያ መደብር በአማርኛ መሸጥ ይቸገራል። መዝገበ ቃላቱም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛ ቃል ላይ ጣት ጫን ሲያደርጉ ትርጉሙ እዚያው ብቅ ይላል፤ የተፈለጉት ቃላትም ለክለሳ በዝርዝር ይቀመጣሉ። እንግሊዝኛው እምብዛም የሆነ አንባቢ አራት ገጽ ሄዶ ይተወው የነበረውን መጽሐፍ አሁን ይጨርሰዋል። አማርኛው ላይ ጣት ቢያሳርፍ የሚመጣለት ነገር የለም። ሰው ወደቀለለው ያዘነብላል የሚለው ሐሳቡ እኔንም ያሳምነኛል።

2ኛው አክብሮቱን ሳይቀንስ ያርማል። መሣሪያው አማርኛ አይችልም ብሎ መደምደም ስሕተት ነው፤ የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ መጀመሪያው ኪንድል ገበያ ከመውጣቱ 8 ዓመት በፊት። የጎደለው ብዙውን ጊዜ ፎንት (የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል) ነው። ቀጥሎ አሠራሩን ይዘረዝራል። ኮቦ የተባለውን ኢ-ሪደር በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት፤ ከሌሎቹ ፎልደሮች ውጭ፣ እመጀመሪያው ላይ፣ ‹ፎንትስ› የሚል ፎልደር በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት መክፈት፤ የአቢሲኒካ ወይም የኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ፎንት ፋይልን እዚያ መገልበጥ፤ ገመዱን ከመንቀል በፊት በኮምፒውተሩ ላይ መሣሪያውን በደንብ ማላቀቅ፤ ከዚያ መጽሐፉን ከፍቶ ከፊደል ማስተካከያው ፎንቱን መምረጥ። ኪንድልም ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህንኑ ፎልደር ይቀበላል። በ2024 የወጡት ኪንድሎች ግን ከማክ ጋር ሲገናኙ እንደ ፍላሽ አይከፈቱም፤ ካሊበር የተባለውን የኢ-መጽሐፍ ማደራጃ ወይም ሌላ ማስተላለፊያ ፕሮግራም ይፈልጋሉ።

ከዚሁ መልስ አንድ ነገር ሊያዝ ይገባዋል። በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ከታየ ፋይሉ ደኅና ነው፣ የተመረጠው ፎንት አማርኛ የለውም ማለት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍና የሒሳብ ምልክት የተዘበራረቀበት ጽሑፍ ከታየ ግን በሽታው ሌላ ነው።

3ኛው ጥያቄ ይዞ መጣ። ፎንቱ ይሁን፤ ከቴሌግራም የሚወርደው ሁሉ ፒዲኤፍ ነው፤ በ6 ኢንች ስክሪን ላይ ጉንዳን ያክላል፤ ማስፋት ቢሞከር በየመስመሩ ወደ ቀኝና ወደ ግራ መጎተት ነው። መሣሪያውን አግድም ማዞርም አላረካም ይላል።

4ኛው መልስ እንደ ልብስ ሰፊ በሜትር ለካው። 6 ኢንች የሚባለው ከጥግ እስከ ጥግ ነው፤ የስክሪኑ ስፋት 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ኤ4 ወረቀት 21 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ስለዚህ በ12 ነጥብ መጠን የተጻፈ ፊደል ሲጨመቅ 5 ነጥብ ገደማ ይሆናል። እንግሊዝኛው በዚህ መጠን እየተቸገሩም ቢሆን ይነበብ ይሆናል፤ ሉ እና ሊ፣ ቡ እና ቢ በአንዲት ቅጥል ብቻ ለሚለያዩበት ፊደል ግን ዓይን ማጥፊያ ነው። የብዙው የአማርኛ መጽሐፍ መጠን ወደ ኤ5 የሚጠጋ፣ ማለትም 14.8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ስለሆነ መላ አለው። ነጩ ጠርዝ ከተቆረጠ ጽሑፉ ብቻውን 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀራል፤ ያኔ 12ቱ ነጥብ ወደ 10 ብቻ ይወርዳል፣ ይነበባል። ኬቱፒዲኤፍኦፕት የተባለው ነጻ ፕሮግራም ጠርዙን ይቆርጣል፤ ሲታዘዝም የገጹን ቃላት በሥዕልነታቸው እየለቀመ በስክሪኑ ስፋት ልክ እንደገና ይደረድራል። የሚበላሸው ግጥምና ሠንጠረዥ ያለበት ገጽ ነው፤ ስንኙን ከስንኝ ያጣብቀዋል። ለግጥም መጽሐፍ መቁረጡ ብቻ ይበቃል፣ መደርደሩ ይቅር ብሎ ይመክራል። በዚያው አለፍ ብሎ፣ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ለአማርኛ ሲል በኢንች 300 ነጥብ ያለውን ስክሪን ይምረጥ ይላል፤ 167 ነጥብ ባላቸው የድሮ ርካሽ ሞዴሎች ላይ የፊደሉ ቅጥል ይደበዝዛል።

5ኛው መልስ 2ኛው ያነሣውን ዝብርቅርቅ ጽሑፍ ያስረዳል። ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ ያስቀመጡት በእንግሊዝኛው ፊደል ቁጥር ላይ ነው። ፒዲኤፉ ፎንቱን በውስጡ ስለያዘ ሲታይ አማርኛ ነው፤ ወደ ኢፐብ (ጽሑፉ በስክሪኑ ስፋት ልክ ወደሚደረደርበት የኢ-መጽሐፍ ፋይል) ሲለወጥ ግን ፎንቱ ይቀርና ቁጥሩ ብቻ ይወጣል። ፈተናው የግማሽ ደቂቃ ነው፦ በኮምፒውተር ፒዲኤፉን ከፍቶ አንድ መስመር መገልበጥና ባዶ የጽሑፍ ፋይል ላይ መለጠፍ። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ወደ ኢፐብ መለወጥ ይቻላል። ዝብርቅርቅ ከወጣ የዚያን ፎንት ቁጥር ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ መለወጫ ያስፈልጋል። ምንም መስመር መምረጥ ካልተቻለ ገጹ ፎቶ ነው፤ ያለው አማራጭ ኦሲአር፣ ማለትም ፎቶውን አንብቦ ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። ቴሰራክት የተባለው የኦሲአር ፕሮግራም የአማርኛ ዳታ አለው፤ ስካኑ በኢንች 300 ነጥብ፣ ገጹ ያልተንጋደደ፣ የመጽሐፉ እጥፋት ጥላ ያልጣለበት መሆን አለበት። ያም ሆኖ ነን ከኘ፣ ሉን ከሊ ያምታታልና ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር የግድ ነው። ሳይታረም የሚለቀቅ ፋይል አንባቢን ያባርራል ብሎ በምሬት ይዘጋል። ልክ ነው። በየሦስተኛው መስመር የሚያደናቅፍ ቃል ያለበትን መጽሐፍ ማንም አይጨርስም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም እርስዎ ይባባሉ ነበር። 6ኛው ሲመጣ አየሩ ተለወጠ። ስለ ቴሌግራም ፒዲኤፍ እንደ ተራ ነገር መወራቱ አንገብግቦታል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፤ ታዲያ ትናንት የታተመ መጽሐፍ ስካን ተደርጎ ሲበተን ጠርዙ እንዴት ይቆረጥ ብሎ መመካከር ለሌባ ሻንጣ መያዝ ነው ይላል። በ3ኛውና በ4ኛው ላይ በስም ጠቅሶ ይወርድባቸዋል።

7ኛው አንተ ብሎ ጀመረ። ሪያድና ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት የአማርኛ መጽሐፍ ከየት ትግዛ? ከአዲስ አበባ የሚላክ መጽሐፍ የመላኪያው ዋጋ ከመጽሐፉ ይበልጣል። ሻንጣዋ ውስጥ ከምትይዘው ሁለት መጽሐፍ ውጭ ያላት ስልኳ ነው። የሚሸጥ ፋይል ይኑርና እምቢ ካለች ያኔ ውቀሳት ይላል። ቃሉ ሻካራ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን ከ6ኛው ቁም ነገር ጋር አይጋጭም።

8ኛው ሁለቱንም አበርዶ ሌላ በር ከፈተ። ፋይል በሕጋዊ መንገድ ይሸጥ ሲባል እንዴት እንደሚሸጥ እንነጋገር ይላል። በ2009 እ.ኤ.አ. አማዞን ሰዎች ከፍለው የገዟቸውን መጻሕፍት ከኪንድላቸው ላይ ከሩቅ ሆኖ አጥፍቷል፤ መጻሕፍቱን ያቀረበው ሻጭ መብት ስላልነበረው ነው፣ ገንዘቡም ተመልሷል፤ ነገር ግን ከመደርደሪያህ ላይ መጽሐፍ ሊወሰድ እንደሚችል ያን ጊዜ ታወቀ። ከየካቲት 26 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የተገዛውን ፋይል ወደ ኮምፒውተር አውርዶ በገመድ መጫን ቀርቷል። እኛ አገር አንድ መጽሐፍ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር እየዞረ፣ ሽፋኑ እስኪለቅ ድረስ ነው የሚነበበው። የተቆለፈ ፋይል ይህን ልማድ ያጠፋል፤ ያልተቆለፈ ፋይል ደግሞ መዋስንና ማባዛትን አንድ ያደርጋል። የሱ ሐሳብ የገዢው ስም በመጀመሪያው ገጽ ላይ የታተመበት፣ ያልተቆለፈ ኢፐብ መሸጥ ነው። ስሙ ያለበትን ፋይል ሰው በአደባባይ ለመበተን ያፍራል ይላል። ይሉኝታ ባለበት አገር ይህ ከቁልፍ ይልቅ የሚሠራ ይመስለኛል።

9ኛው ወደ ጉዳዩ ይመልሰናል፤ በኢ-ሪደር ሲነበብ የሚለወጠው ትዝታ ነው ይላል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይጠቅሳል። 50 ሰዎች 28 ገጽ ገደማ የሚሆን አንድ ታሪክ አነበቡ፣ ግማሾቹ በወረቀት፣ ግማሾቹ በኪንድል። በአብዛኛው መለኪያ አልተለያዩም፤ የቱ ድርጊት ከየቱ ቀደመ የሚለው ላይ ግን የኪንድሎቹ ደከሙ። ወረቀት ያነበበው ሰው በግራ እጁ ያለፈውን፣ በቀኝ እጁ የቀረውን ውፍረት ይዳስሳል፤ ያ ነገር በግራ ገጽ ታችኛው ጥግ ነበር ብሎ ያስታውሳል። ኢ-ሪደሩ ላይ ሁሉም ገጽ አንድ ገጽ ነው። ስለዚህ ገጸ ባሕርይ የሚበዛበት ልብ ወለድ ሲጀመር፣ እያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ የሚገባበትን መስመር ማቅለምና ስሙን በማስታወሻ መጻፍ ይመክራል። ኪንድል እነዚህን ሁሉ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ያጠራቅማል፤ በገመድ አውጥቶ ማተምም ይቻላል።

10ኛው የ2018 እ.ኤ.አ. ጥናት ጨመረ፤ 54 ጥናቶችንና ከ170 ሺህ በላይ አንባቢዎችን ያጠቃለለ ነው። ወረቀት ከስክሪን የበለጠው መረጃ በሚሰጥ ጽሑፍ ነው፤ በተለይ ሰዓት ሲጠብብ። በተረት በልብ ወለድ ልዩነት አልታየም። ለፈተና የሚያነብ ተማሪ ወረቀቱን ይያዝ ይላል።

11ኛው ቆፍጠን ብሎ አረመው። እዚያ ውስጥ ስክሪን የተባለው በብዛት ኮምፒውተርና የመሳሰለው ነው፤ የኢ-ሪደር ኢ-ኢንክ (የኤሌክትሮኒክ ቀለም) ስክሪን ሌላ ነገር ነው። በትንንሽ ከረጢቶች ውስጥ ያሉ ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ ወደ ላይ ወደ ታች ሲሉ ገጹ ይሠራል፤ ብርሃኑም ከዳር ተነሥቶ ገጹ ላይ ያርፋል እንጂ እንደ ስልክ ከኋላ ዓይን ውስጥ አይተኮስም። ኢ-ሪደር እንቅልፍ ይነሣል የሚለው ወሬም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጥናት የመጣ ነው፤ እሱ ላይ 12 ሰዎች ያነበቡት በታብሌት፣ ሙሉ ብርሃን ተለቅቆ፣ ማታ ማታ ለአራት ሰዓት ያህል ነው፤ እንቅልፍ የወሰዳቸውም ከወረቀቱ 10 ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ ነው። ጥናት ከመጥቀስ በፊት ምን ላይ እንደተነበበ ይታይ ብሎ 10ኛውን ይገሥጻል። 10ኛው ስሕተቱን ተቀብሎ ወዲያው አመሰገነ፤ ይህ በመድረክ ላይ ብዙ የማይታይ መልካም ነገር ስለሆነ ሳላነሣው አላልፍም።

12ኛው መልስ ለእኔ የክሩ ዋልታ ነው። አማርኛ በኢ-ሪደር ላይ የሚከብደው ፍለጋው ነው ይላል። እንግሊዝኛ አንባቢ አንድ ስም ከጠፋበት ጽፎ ይፈልገዋል። አማርኛው ላይ ዓለም ብሎ የፈለገ ሰው አለም ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ለመሣሪያው ሦስት ቃላት ናቸው። መላው፣ ፕሮግራሙ የቃል ቁራጭ የሚፈልግ ከሆነ፣ የሚያምታታውን ፊደል ትቶ በቀረው መፈለግ ነው፤ ለምሳሌ ሥላሴን ለማግኘት ላሴ ብሎ መጻፍ። መዝገበ ቃላቱንም የሚያግደው ተመሳሳይ ነገር ነው። ኮሪደር (KOReader) በተባለው ነጻ የንባብ ፕሮግራም ላይ የስታርዲክት ቅርጽ ያለው የአማርኛ መዝገበ ቃላት መጫን ይቻላል፤ ግን አልሄደችም የሚለው ቃል ላይ ጣት ሲያርፍ መሣሪያው አልሄደችምን ይፈልጋል እንጂ ሄደን አያውቅም። በቤታችን፣ ከቤቱ፣ ለቤቶቹ፣ ሁሉም ባዶ ይመለሳሉ። የእንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት የቃሉ መልኮች ተዘርዝረው ከሥሩ ጋር ስለታሰሩ ነው የሚሠራው። ያንን ዝርዝር ለአማርኛ ማዘጋጀት የግስ እርባታ ለሚያውቅ ሰው የብዙ ወራት ሥራ ነው፤ ሳይሠራ ግን 1ኛው መልስ ያለው አይለወጥም።

13ኛው የአራት ነጥብ ነገር አስቸግሮታል። ጸሐፊው ቃሉን ጨርሶ ባዶ ቦታ ትቶ አራት ነጥብ ከመታ፣ ወረቀቱ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ኢ-ሪደሩ ላይ ፊደሉ ሲተልቅ መስመሩ ይሰበርና ነጥቡ ብቻውን አዲስ መስመር ይጀምራል። አንዳንዱ ደግሞ ፡፡ ብሎ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ይመታል፣ ሌላው የእንግሊዝኛውን :: ይጠቀማል። በካሊበር ማረሚያ ውስጥ በቅደም ተከተል መተካት ነው፦ መጀመሪያ ሁለቱንም ዓይነት ወደ ። መለወጥ፣ ከዚያ ከነጥቡ በፊት ያለውን ባዶ ቦታ ማጥፋት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ባዶ ቦታ የሚያጠፋው ዙር የሚያመልጠው ይበዛል። ቀጥሎ የግራና የቀኝ ጠርዝ እኩል የሚያደርገውን ማስተካከያ መተው፣ ጽሑፉን በግራ ብቻ ማስያዝ፤ የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነና መሣሪያው ቃሉን ለሁለት መስመር መክፈል ስለማይችል፣ በጠባብ ስክሪን ላይ በቃላት መካከል የጥርስ ፍንጭት የሚያህል ክፍተት ይፈጠራል። በመጨረሻም ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ መክተት፤ አንባቢው 2ኛውን መልስ ማንበብ አይጠበቅበትም።

14ኛው ከመንገድ ወጣ፤ ግን በጥሩ በኩል ወጣ። የጸሎት መጻሕፍት ላይ የአምላክ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ነው፤ በኢ-ሪደሩ ላይ ቀዩ ግራጫ ይሆንና ከሌላው ይልቅ ደብዝዞ ይታያል። ሊጎላ የተጻፈው ስም ከሁሉ የሚያንሰው ሆነ ብሎ አዘነ። 15ኛው በቁጣ መለሰ፤ ጸሎት በማሽን አይደገምም፣ መጽሐፉ ራሱ ይሳለማል፣ ይህን ምን ታሳልማላችሁ አለ። 16ኛው ለክርክሩ ሳይሆን ለችግሩ መልስ ሰጠ፤ የውጭ አገር ነዋሪ ሥራ ሲሄድ በባቡር ላይ የሚያደርሰው እንጂ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፉን የሚተካ የለም ብሎ። በፋይሉ ሲኤስኤስ (የጽሑፉን መልክ የሚያዘው ክፍል) ውስጥ ቀይ የተባለውን ሁሉ ደማቅ ጥቁር እንዲሆን ማዘዝ ይቻላል። ባለ ቀለም ስክሪኖቹ ጥቁሩን በ300 ነጥብ፣ ቀለሙን ግን በ150 ነጥብ ነው የሚያሳዩት፤ ቀዩ የጡብ መልክ ይይዛል። ማውጫውም በቀን ይሠራ፤ ለዳዊት ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፤ አንድ ነክቶ የዕለቱን መክፈት።

17ኛው ስለ አረጋውያን ነው። መነጽር ቀይረው ያልሆነላቸው አባቶችና እናቶች ፊደሉን በእጥፍ አድርገው እንደገና ማንበብ ጀምረዋል። ፊደሉ ሲተልቅ ግን በአንድ መስመር ሦስት ቃል ብቻ ስለሚቀር 7 ወይም 8 ኢንች ስክሪን፣ ጠባብ ጠርዝና ጎን ላይ ገጽ የሚገልጥ ቁልፍ ያለው ይሻላቸዋል፤ የደረቀ ጣትን የንክኪ ስክሪን አንዳንዴ አይሰማም። 18ኛው ስለ ስብራት አስጠነቀቀ። የኢ-ኢንክ ስክሪኑ ከጀርባው ስስ መስታወት ነው፤ በታክሲ ተጨናንቆ ቦርሳ ሲጫን የላዩ ገጽ ሳይነካ ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ግማሽ ገጽ ቆሞ ይቀራል። ጠንካራ ሽፋን ይግዙ። ባትሪው በሁለት ቀን የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ኪንድሉ የአንድ የተበላሸ ፋይልን ቃላት ለፍለጋ ለመመዝገብ እየታገለ ሊሆን ይችላል፤ የማይገኝ ቃል ሲፈለግ ያልተመዘገበው መጽሐፍ ስሙ ይወጣል፣ እሱን ማጥፋት ነው።

19ኛው ጠያቂው ራሱ ነው። ሁሉንም አመስግኖ፣ 5ኛውና 13ኛው ያሉትን ሥራ አንባቢው ቤቱ ሆኖ ለምን ይሠራል ብሎ ጠየቀ፤ የመጽሐፉ ጽሑፍ እኮ ከመታተሙ በፊት በኮምፒውተር ተጽፎ ነበር።

20ኛው በአጭሩ መለሰለት። ደራሲው መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት፣ የመጨረሻው እርማት የገባበትን ጽሑፍ በዩኒኮድ፣ ከነምዕራፍ አርእስቱ፣ ገጽ ካቀናበረው ሰው ይቀበል፤ ውሉ ላይም ይጻፍ። ከታተመ ከዓመት በኋላ ሲጠየቅ ያ ፋይል ያለው አቀናባሪው ፍላሽ ላይ ብቻ ነው፤ ፍላሹም ያን ጊዜ ሌላ ሥራ ተጭኖበታል።